ከሻሽ እስከ እርካብ፦ የአገው ፈረሰኛ ለጥር 23 እንዴት ይለብሳል? ፈረሱንስ እንዴት ያስጌጣል?

በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው እንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይሰባሰባሉ። ከየወረዳው ጎሕ ሳይቀድ የተነሱ፣ አንዳንዶቹም አንድና ሁለት ቀን የተጓዙ ናቸው። ሜዳው ሲሞላ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያየው የግልቢያውን ፍጥነት አይደለም። ዓይኑ የሚያርፈው በነጩ ጋቢ፣ በተጠመጠመው ሻሽ፣ በፈረሱ ግንባር ላይ በሚወዛወዘው ቀይ ዘርፍና ፀሐይ ሲያርፍበት በሚያብረቀርቀው ልጓም ላይ ነው።

ፈረሰኛው ያለ ማዕረግ ልብሱ፣ ፈረሱም ያለ ጌጡ ወደ በዓሉ ሜዳ መውጣት እንደ ነውር ይቆጠራል። ለመሆኑ ይህ አለባበስ ከየት መጣ? እያንዳንዱ ዕቃስ ምን አገልግሎት አለው? ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?

ከዓድዋ እስከ እንጅባራ

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። “ሰባት ቤት” የሚለው መጠሪያ በአካባቢው ትውፊት የአገው አዊ ሕዝብ አባቶች ናቸው ከሚባሉት ሰባት ወንድማማቾች የመጣ ሲሆን፣ ስማቸው እስከ ዛሬ የየአካባቢው መጠሪያ ሆኖ ቀጥሏል። እነዚህም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው።

ማኅበሩ በዓሉን የሚያከብረው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የተሰለፉትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ ነው። የዓድዋ ድል የተገኘው በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር። በሥዕሉ ዘወትር በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚታየው ቅዱስ ጊዮርጊስ በኢትዮጵያ ፈረሰኞች ዘንድ ልዩ ስፍራ አለው። የእንጅባራው በዓል በወሩ 23ኛ ቀን መዋሉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የምሥረታው ዘመን ትኩረት የሚስብ ነው። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም ገና በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። የዓድዋን ፈረሶች ለማሰብ የተሰባሰበ ማኅበር የተቋቋመው እንግዲህ በዓድዋ የተሸነፈው ኃይል ተመልሶ አገሩን በያዘበት ወቅት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፈረስን ጭኖና የአባትን ልብስ ለብሶ አደባባይ መውጣት ከጌጥ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ጥር ለምን የፈረስ ወር ሆነ?

በደጋው ኢትዮጵያ ጥር የደስታ ወር ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ምድሩ ደርቆ ለግልቢያ ጠንክሯል። ሰብሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ፈረሱም ገለባና ገብስ ጠግቧል። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም፣ ጥር 23 ጊዮርጊስ ይውላሉ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ሠርግ የሚደገሰውም በዚሁ ወር ነው። በመሆኑም አንድ ፈረሰኛ ለጥር 23 ያሰናዳው ልብስና የፈረስ ዕቃ በሠርግና በጥምቀት ታቦት አጀብም ያገለግለዋል።

ፈረሱ የኀዘንም አጋር ነው። በብዙ የደጋ አካባቢዎች ስመ ጥር ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟቹ ልብስና መሣሪያ በኮርቻው ላይ ሆኖ በለቅሶው መካከል ይመራል። ባለቤት የሌለበት ኮርቻ ከሙሾው ባልተናነሰ መልኩ ያስለቅሳል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ልብሱ አንድ ሆኖ ሳለ አለባበሱ ይለያል። በደስታ ቀን ወደ ታች የሚወርደው የነጠላና የጋቢ ጥለት በኀዘን ቀን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይዞራል።

ከራስ እስከ እግር

ራስ፦ ፈረሰኛው ራሱ ላይ ሻሽ ይጠመጥማል። ሻሹ ላብና አቧራን ይከላከላል፤ በግልቢያም ጊዜ ከራስ አይወርድም። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም የቆየ ታሪክ አለው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በበርካታ ፎቶግራፎቻቸው የሚታዩት ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ ከሻሹ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው ነው።

ጎፈር፦ ከአንበሳ ጋማ የሚሠራው የራስ ጌጥ ጎፈር ይባላል። በጥንቱ ሥርዓት ማንም እንደ ፈቀደው የሚደፋው አልነበረም። አንበሳ ለገደለ ወይም በጦር ሜዳ ጀብዱ ለፈጸመ ሰው የሚገባ የክብር ምልክት ነበር። በትከሻ ላይ የሚደረበው ለምድም እንዲሁ ንጉሥ ለጀግና የሚሸልመው ልብስ ነው። ከአንበሳ ወይም ከነብር ቆዳ፣ አልያም በወርቅና በብር ከተንቆጠቆጠ ከፋይ ይሠራ ነበር። ዛሬ በበዓላት ላይ የሚታዩት ጎፈሮች ብዙዎቹ ከሌላ ፀጉርና ከሰው ሠራሽ ክር የተዘጋጁ ናቸው።

እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ፦ የላይኛው ልብስ እጀ ጠባብ ሸሚዝ ነው። እጅጌው ከክንድ ጋር ስለሚጣበቅ በዛብና በአለንጋ አይጠላለፍም። ሱሪው ከጭኑ ሰፋ ብሎ ከጉልበት በታች የሚጠብ ሲሆን፣ መጠሪያውን ያገኘው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ራስ ተፈሪ መኮንን ነው። ቅርጹ በሕንድ ጆድፑር ከሚታወቀው የፈረሰኛ ሱሪ ጋር ይመሳሰላል። የጭኑ ስፋት ኮርቻ ላይ ለመቀመጥ ያመቻል፤ የባቱ ጥበት ደግሞ ጨርቁ በእርካብና በፈረሱ ጎን መካከል እንዳይጨማደድ ያደርጋል።

ጋቢና ኩታ፦ አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ከባድና ሙቅ ነው፤ ኩታ ሳሳ ይላል። ፈረሰኛው በዝግታ ሲሄድ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። ግልቢያ ሲጀምር ግን ያደገድጋል፤ ማለትም ልብሱን ደረቱና ወገቡ ላይ አጥብቆ ያስረዋል። ማደግደግ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የአክብሮት ምልክትም ነው። በንጉሥ፣ በዳኛ ወይም በታቦት ፊት የሚቆም ሰው ያደገድጋል። ስለዚህ በሜዳው ላይ አደግድጎ የሚታይ ፈረሰኛ ለግልቢያ የተዘጋጀም፣ ሕዝቡን ያከበረም ሆኖ ይታያል።

በርኖስ፦ ከበግ ፀጉር የሚሠራው ጥቁር ካባ የደጋው ሰው የብርድ መከላከያ ነው። በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚወጣው ቅርጽ ከሌላ ካባ ይለየዋል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የጥር ማለዳዋ ያንቀጠቅጣል። ከሩቅ የሚመጡ ሽማግሌዎች በርኖስ ደርበው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እግር፦ የጥንቱ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ ነበር። ባህላዊው እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ጣትን ብቻ ስለሚይዝ፣ ፈረሰኛው ቢወድቅ እግሩ ተቀርቅሮ የመጎተት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ጫማ የሚያደርግ ጋላቢ ግን ሰፋ ያለ እርካብ ያስፈልገዋል። ጫማውን በጠባብ እርካብ ውስጥ በግድ የሚያስገባ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የፈረሱ ልብስ

በእንጅባራ ሜዳ ፈረሱ ከጋላቢው እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ ይለብሳል። ባህላዊው ኮርቻ የእንጨት አጽም ያለው ሲሆን፣ በላዩ ጥሬ ቆዳ ተወጥሮና ተሰፍቶ ይደርቃል። ቆዳው ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ስለሚይዘው ያለ ምስማር ይጸናል። ከፊትና ከኋላ ከፍ ማለቱ ፈረሱ ድንገት ሲቆም ወይም አቀበት ሲወጣ ጋላቢውን ደግፎ ይይዘዋል።

ከኮርቻው ጋር የሚለብሰው ግላስ ነው። በቀለማት ክር የተጠለፈና በዘርፍ ያጌጠ ሲሆን፣ የባለቤቱን አቅምና የባለሙያውን እጅ ያሳያል። በግንባሩና በአንገቱ ላይ ከሱፍ ክር የተሠሩ ዘርፎች ይንጠለጠላሉ። ፈረሱ ሲሰግር ዘርፎቹ ከእርምጃው ጋር አብረው ይጨፍራሉ። በዚህም ተመልካቹ የአካሄዱን ምት ከሩቅ መለየት ይችላል።

ልጓሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባህላዊው የብረት ልጓም ኃይለኛ በመሆኑ፣ በጉግስ ጨዋታ መካከል ፈረስን በቅጽበት ለማቆምና ለማዞር ያገለግላል። ያልሠለጠነ እጅ ሲይዘው ግን የፈረሱን አፍ ያደማል። መጠኑን ያልጠበቀ ኮርቻም ጀርባን ይልጣል። ጀርባው የቆሰለ የጋማ ከብት “ገጣባ” ይባላል፤ ገጣባ ፈረስ በጌጥ ሸፍኖ ማምጣትም በነባር ፈረሰኞች ዘንድ ያስነቅፋል። ዕውቀት ያለው ሰው አንድን ፈረስ ሲመዝን ከግላሱ በፊት ከኮርቻው በታች ያለውን ጀርባ ይመለከታል።

ልብሱ በጨዋታው ሲፈተን

በበዓሉ ዕለት ፈረሰኞቹ በተለያዩ ትዕይንቶች ይወዳደራሉ። ሽምጥ ግልቢያ የፍጥነት ነው። ስግሪያ ደግሞ ፈረሱ ጋላቢውን ሳያንገጫግጭ በተመጠነ ፈጣን እርምጃ የሚሄድበት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚያንጠለጥለው ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንደኛው ወገን እየሸሸ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውርበታል። የሚሸሸው በጋሻው እየመከተ፣ በፈረሱ አንገት ላይ እየተለጠፈ ያመልጣል። ጨዋታው የጦር ሜዳ ልምምድ እንደነበረ ከአደራረጉ ይታወቃል።

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላል የአገሬው ብሂል። በጉግስ ሜዳ የሚፈተነው የጋላቢው ብልሃት ነው። በደንብ ያልታሰረ ጋቢ ዓይን ይሸፍናል፤ የላላ ኮርቻ ይገለበጣል። በማለዳ ውበት መስሎ የታየው ሁሉ ከቀትር በኋላ ጥቅሙን ያስመሰክራል።

የፈረስ ስም

ከፈረሰኛው ልብስ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ምናልባት የፈረስ ስሙ ነው። ኢትዮጵያውያን መሪዎችና የጦር አበጋዞች ከፈረሳቸው ስም በፊት “አባ” የሚል ቃል ተጨምሮ ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባላሉ። ስሙ የፈረሱ ቢሆንም የጌታውን ምኞትና ጠባይ ይናገራል፤ ፎካሪም ጌታውን የሚያወድሰው በዚሁ ስም ነው።

ከሮዴዮ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር

በሰሜን አሜሪካ የከብት እረኞች ትዕይንት የሆነው ሮዴዮ የራሱ የአለባበስ ሥርዓት አለው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ቡትስ፣ በአንገት ላይ የሚታሰር መሐረብና ትልቅ የቀበቶ ዘለበት የታወቁ መለያዎቹ ናቸው። በካናዳ የካልጋሪ ከተማ ትዕይንት የተጀመረው እአአ በ1912፣ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት የሚካሄደው የሻየን ትዕይንት ደግሞ እአአ በ1897 ነው። በእነዚህ ቀናት የባንክ ሠራተኛውም የሱቅ ነጋዴውም እንደ ከብት እረኛ ለብሶ ይውላል።

ይህም አለባበስ የመነጨው ከሥራ ነው። ባርኔጣው ለፀሐይ፣ መሐረቡ ለአቧራ፣ የቡትሱ ሾጣጣ አፍንጫ ወደ እርካብ በቀላሉ ለመግባት፣ ከፍ ያለው ተረከዝም እግር ወደ ፊት ሾልኮ እንዳያልፍ ለማገድ የታሰቡ ናቸው። ብዙውን ዕቃና ጥበብ የአሜሪካ እረኞች ከሜክሲኮ ፈረሰኞች ወርሰውታል፤ ሮዴዮ የሚለው ቃል ራሱ ስፓንኛ ነው። የአገው ፈረሰኛ በአውራ ጣቱ ቀለበት፣ የቴክሳሱ በቡትሱ ተረከዝ የፈቱት አንድ ዓይነት ችግር ነው፤ እሱም ሳይወድቁና ሳይጎተቱ ኮርቻ ላይ መቆየት ነው።

በአፍሪካ ቀንድም ፈረስን አስጊጦ ለክብር መጋለብ የአገው ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ፈረሰኞች ዘንድ ባለ ጌጥ ፈረስ የኢሬቻና የሌሎች በዓላት ድምቀት ነው። በሰሜን ሶማሌ ምድር፣ በዛሬዋ ሶማሌላንድ፣ ፈረሰኞች ለአለቃ ወይም ለተከበረ እንግዳ እየገጠሙና እየጋለቡ የሚያቀርቡት “ዲባልቲግ” የተባለ ትዕይንት እንደነበር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። ፈረስ በሶማልኛ ሥነ ግጥም ያለው ስፍራም ከፍተኛ ነው።

ጋቢውን የሚፈትለው ማን ነው?

በሜዳው የሚታዩት በአብዛኛው ወንዶች ቢሆኑም ልብሱ የሚጀምረው ከሴቶች እጅ ነው። ጥጡን የሚዳምጡት፣ የሚያባዝቱትና በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። ሸማኔው ሥራውን የሚጀምረው ፈትሉ ሲደርሰው ነው። አንድ ጋቢ የብዙ ምሽቶች ድካም ውጤት በመሆኑ፣ በበዓሉ ቀን ባል የለበሰው ጋቢ ንጣትና ጥንካሬ የሚስትን ወይም የእናትን ሙያ ይመሰክራል።

የተጋረጡ ፈተናዎች

ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሏት ይገመታል፤ በዚህም ከአፍሪካ አገራት ግንባር ቀደም ናት። የፈረስ ቁጥር ብቻውን ግን ወጉን አያቆየውም።

የመጀመሪያው ፈተና የባለሙያዎች ነው። ኮርቻ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ለዘመናት በእጃቸው ሥራ የተከበሩትን ያህል በማኅበራዊ ኑሮ ተገልለው ኖረዋል። ሙያቸው እንደ ስድብ ሲጠራ የሰሙ ልጆች የአባታቸውን ሙያ ለመውረስ አለመፈለጋቸው አያስገርምም። የኮርቻ ሙያ በቃልና በእጅ የሚተላለፍ እንጂ በመጽሐፍ የሰፈረ ባለመሆኑ፣ አንድ ባለሙያ ያለ ተተኪ ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮት ይቀበራል።

ሁለተኛው ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ነው። በፋብሪካ የታተመ የጥለት ምስል ያለው ጨርቅ ከእጅ ሥራው በዋጋ ረክሶ ገበያውን ይሻማል። ከሩቅ ሲታይ ይመሳሰላል። ነገር ግን ብርድ ሲመጣ እንደ ጋቢ አያሞቅም፤ ሲታጠብም እንደ ጋቢ አይለሰልስም።

ሦስተኛው የዱር እንስሳት ጉዳይ ነው። የአንበሳ ቁጥር በእጅጉ በቀነሰበት በዚህ ዘመን እውነተኛ ጎፈር መፈለግ ሕገ ወጥ አደንን ያበረታታል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ጭላዳም ለጋማው ሲባል ሲታደን ኖሯል። አሮጌው የቤተሰብ ጎፈር በክብር ሊጠበቅ ይችላል፤ ለአዲሱ ግን ሰው ሠራሹ ይበቃል።

አራተኛው ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የገጠሩን ኑሮ፣ መንገዱንና ገበያውን አውኳል። ፈረስ ጭኖ ከወረዳ ወረዳ ማለፍ ስጋት በሆነበት ጊዜ፣ ከሰባቱ ቤት የሚሰባሰብ በዓል ምን ያህል በሰላም ላይ እንደሚመካ ግልጽ ይሆናል። በዓሉን በዓለም አቀፍ የቅርስ መዝገብ ለማስፈር የሚደረገው ጥረትም ቢሆን በየዓመቱ በነፃነት ሜዳ የሚወጡ ፈረሰኞችን ይፈልጋል።

በዓሉን ለመታደም ካሰቡ

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ያጣሩ።

ለማለዳው ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት፣ ለቀትሩ ፀሐይ ባርኔጣ ይያዙ፤ ለአቧራውም ሻሽ ወይም ነጠላ ይጠቅምዎታል። ጫማዎ የተሸፈነ ይሁን። ከፈረስ በስተኋላ አይቁሙ፤ የጉግሱንም ሜዳ አቋርጠው አይለፉ። ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ጋቢ ለመግዛት ከፈለጉ ጨርቁን በእጅዎ ዳሰው፣ የክሩን ወጣ ገባነት ይመልከቱ። በእጅ የተፈተለ ክር ፍጹም እኩል አይሆንም። ልብሱን ሲደርቡም የጥለቱ ጫፍ ወደ ታች መውረዱን ያረጋግጡ፤ ቀኑ የደስታ ነውና።